የመምህርት መታሰቢያ
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ዕለት በቡታጅራ ለምእመናን የተነገረ ንግግር



ኢዮቤልዩ የሚባለው በዓል፥ በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ታዘዘው፥ 50ኛው ዓመት ሲደርስ መለከት ተነፍቶ የሚከበር በዓል ነው። በዚያ ዓመት በችግር ምክንያት የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር፤ በባርነት የተያዘውም ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኖቹ ይሄድ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የእልልታና የዝማሬ ቀን ብቻ አይደለም፤ የሰው ገንዘብ በእጁ የቆየበት ሁሉ ለባለገንዘቡ የሚመልስበት ቀን ነው።

እኛም ዛሬ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ፥ በዚህ በከተማችን በቡታጅራ ተሰብስበን የደብራችንን በዓል ስናከብር፥ መሠረቱን የጣሉትን፥ ድንጋዩን የተሸከሙትን፥ በመቅደሱም ያገለገሉትን በስማቸው እየጠራን እናመሰግናለን። ይህ የሚገባ ነገር ነው። ዳሩ ግን በእጃችን የቆየ፥ ያልመለስነው አንድ ዕዳ አለብን። ይኸውም ከባሏ ጋራ በቅንነት ኖራ፥ በጾምና በጸሎት ጸንታ፥ የራሷንም የጎረቤቷንም ልጅ አስተምራ ያለፈች ሴት ዕዳ ነው። የዚህች ሴት ስም በደጃፋችን ድንጋይ ላይ አልተቀረጸም፤ በመዝገባችንም አልተጻፈም። ከእናንተ መካከል ግን እንዲህ ያለችውን ሴት የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ደግና ጸሎተኛ የሆነች ሚስትና መምህርት ከሞተች በኋላ እንዴት ልትታሰብ እንደሚገባት ለማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ከመጽሐፍ አንድ ምሳሌ እንመልከት። በግብረ ሐዋርያት በ9ኛው ምዕራፍ የጣቢታ ነገር ተጽፏል። ይህች ሴት በኢዮጴ ከተማ ትኖር ነበር፤ በጎ ሥራና ምጽዋትም ታበዛ ነበር። ታማ በሞተች ጊዜ አጥበው በሰገነት አኖሯትና ወደ ሐዋርያው ወደ ጴጥሮስ ላኩበት። እርሱም በደረሰ ጊዜ መበለቶች ሁሉ ከበቡት። ስለ ደግነቷም ብዙ ቃል አልደረደሩለትም፤ ነገር ግን እያለቀሱ፥ በሕይወቷ ሳለች የሰፋችላቸውን ቀሚስና መጐናጸፊያ አውጥተው አሳዩት።

ይህን ነገር ልብ እንድትሉት እለምናችኋለሁ። እኛ በለቅሶ ቤት የምንናገረው ቃል ለሁሉ አንድ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር «ደግ ነበረች፤ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር» ብለን እንነሣለን። ለሁሉ እኩል የሚነገር ቃል ግን ማንንም ለይቶ አያሳስብም። ዓመት ሳይሞላ ደግነቷ ምን እንደ ነበረ የሚያስረዳ ይጠፋል፤ የልጅ ልጇ ሲደርስ ደግሞ ስሟ እንኳ ይረሳል። የኢዮጴ መበለቶች ግን ልብሱን አሳዩ። እውነተኛ መታሰቢያ እንዲህ ያለ ነው፤ ማን እንደ ሰጠች፥ ምን እንደ ሰጠች፥ ለማን እንደ ሰጠች ገልጦ የሚያሳይ ነው።

ጣቢታ የሰፋችው ልብስ በዓይን የሚታይ፥ በእጅ የሚዳሰስ ነበር። የመምህርት ሥራ ግን አይታይም። ፊደል ያስቈጠረችው ልጅ አድጎ ዲያቆን፥ ነጋዴ፥ ሐኪም ወይም ሹም ሲሆን፥ ሰው የሚያየው እርሱን ነው እንጂ መጀመሪያ ጣቱን ይዛ «ሀ» ያሰኘችውን አያይም። ስለዚህ መምህርት ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ፈጥና ትረሳለች። ሚስትም እናትም በሆነች ጊዜ ደግሞ ድካሟ በቤት ሥራ ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል፤ ሰዉም ማስተማሯን እንደ እንጀራ መጋገርና እንደ ውሃ መቅዳት ቈጥሮ ዝም ይላል።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ አስቀድሞ በሕግ ያገባል። ሚስቱ ብትሞትበት ክህነቱን እንደ ያዘ ሌላ ሚስት ሊያገባ አይችልም፤ ብዙዎችም ከዚያ በኋላ ይመነኩሳሉ። እንግዲህ የቄስ ሚስት ለባሏ የኑሮ ጓደኛ ብቻ አይደለችም። እርሱ ለኪዳንና ለቅዳሴ ሌሊት ሲነሣ ቤቱን የምትጠብቅ፥ የንስሐ ልጆቹ በመጡም ጊዜ የምትቀበል እርሷ ናት። እርሷ በሞተች ጊዜ የሚጐዳው አንድ ባል ብቻ ሳይሆን አጥቢያው ሁሉ ነው። የካህናትን ስም ስንጽፍ የሚስቶቻቸውን ስም መተዋችን እንግዲህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከዚህም ሌላ፥ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ከዚያ በኋላ ሕፃኑን ማን ያስተምረዋል? ካህኑ የሚያየው በእሑድ ወይም በበዓል ቀን ነው። ማማተብን፥ አቡነ ዘበሰማያትን መድገምን፥ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን መሆኑን፥ ያገኘውንም ቍራሽ ለባልንጀራው ማካፈልን የሚማረው ከእናቱና ከአያቱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ መጀመሪያ፥ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን ስም ጠርቷል። ጢሞቴዎስ ለኤፌሶን ጳጳስ የሆነ ታላቅ አባት ነው፤ መጽሐፍ ግን የመጀመሪያ መምህራኑ ሴቶች መሆናቸውን አልሰወረም።

ባልና ሚስት አንድ ሆነው ስለ ማስተማራቸውም ምስክር አለ። ጵርስቅላና ባሏ አቂላ ድንኳን እየሰፉ በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። በኤፌሶን ሳሉ አጵሎስ የሚባል ንግግር የሚያውቅና በመጻሕፍት የበረታ የእስክንድርያ ሰው መጣ። ትምህርቱ ግን ገና ጎደሎ ነበረ። እነርሱም በሰው ፊት ሳያሳፍሩት ወደ ቤታቸው ወስደው መንገዱን አስተካክለው አስረዱት። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በላከው ሰላምታ የጵርስቅላን ስም ከባሏ ስም አስቀድሞ ጠርቷል። የደግ መምህር ምልክቱ ይህ ነው፤ የተማሪውን ጉድለት ያያል፥ ነገር ግን አያዋርደውም።

በአገራችን የቆየው ልማድ ፊደልን ከአለንጋ ጋራ ማስተማር ነበር። 33ቱን ፊደል በ7 በ7 ቤት ቢቈጥሩት 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ በቃሉ የያዘ ልጅ ወደ አቡጊዳ፥ ወደ ሐዋርያ፥ ወደ ወንጌል፥ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይሻገር ነበር። በመንገዱ ግን ስንቱ ልጅ አለንጋ ፈርቶ ወደ ከብት ጥበቃ እንደ ሸሸ እግዚአብሔር ያውቃል። በዚህ በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበረ። ሕፃኑ በእናቱ ቤት የሚሰማው መስቃንኛ ወይም ክስታንኛ ወይም ስልጥኛ ሊሆን ይችላል፤ በቤተ ክርስቲያን የሚሰማው ግዕዝ፥ በገበያና በመሥሪያ ቤት የሚሰማው አማርኛ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሚሸከም ሕፃን የሚያስፈልገው የእናቱን ቋንቋ የምታውቅ፥ ሲሳሳት የማትሥቅበት፥ ሲርበው ቍራሽ ቆጮ የምትሰጠው መምህርት ናት። በፍርሃት የተማሩት ፍርሃቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል፤ በፍቅር የተማሩት ግን እስከ ሽምግልና ይኖራል።

ከአገራችን ሴቶች መካከል ለመምህርነት ምሳሌ የምትሆን ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁ፥ አስቀድሜ የምጠራው የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ስም ነው። እማሆይ ገላነሽ የጎጃም ሰው ናቸው። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። እርሳቸው በሕፃንነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ፤ ዳሩ ግን ከአባታቸው ጉባኤ ተቀምጠው ቅኔን በጆሯቸው ተማሩ። በኋላም የአባታቸውን ወንበር ይዘው በጽላሎ ብዙ ተማሪዎችን አስተማሩ።

ቅኔ ምን እንደ ሆነ ለምታውቁ፥ ይህ ነገር ምን ያህል የሚያስደንቅ መሆኑን መንገር አያስፈልግም። ለማታውቁ ግን ጥቂት ልበል። ተማሪው የግዕዙን ግስና አገባብ ካጠና በኋላ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቈጥራል። ባለ 2 ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ባለ 8 ቤት እስከ ሆነው እስከ መወድስ ይደርሳል። ሰሙንና ወርቁን አስማምቶ ለመምህሩ በቃል ያቀርባል፤ መምህሩም ሰምቶ በዚያው ሰዓት ያርመዋል። መምህር ሙሉ ትምህርቱን በልቡ ካልያዘ ይህን ሊያደርግ አይችልም። እማሆይ ገላነሽ መጽሐፍ ገልጠው ሊያዩ አይችሉም ነበር፤ ስለዚህ ትምህርቱ ሁሉ በልባቸው ነበረ። ሴት በመሆናቸው ወደ መቅደስ ገብተው በክህነት አላገለገሉም። ከእርሳቸው የተማሩ ግን በየደብሩ ቆመው ቅኔ ተቀኙ። አሁን እርሳቸው በሥጋ ካለፉ ቆይተዋል፤ ነገር ግን ከተማሪዎቻቸው የተማሩ ሰዎች ቅኔ ሲቀኙ የእርሳቸው ድካም ከዚያው ውስጥ አለ።

ሁለተኛዪቱ ምሳሌያችን እቴጌ መነን ናቸው። እቴጌ መነን በ1903 ዓመተ ምሕረት ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት፥ ጋራ ተጋብተው እስከ ሞታቸው ድረስ 50 ዓመት በትዳር ኖረዋል። በጸሎተኛነታቸውና ለገዳማት በሚያደርጉት ርዳታ የታወቁ ነበሩ። በስደት ዘመን ኢየሩሳሌም ሳሉ፥ አገራቸው ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን በቤተ ልሔም ለጌታችን ልደት ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ተስለው፥ ነጻነት በተመለሰ ጊዜ ስእለታቸውን ፈጽመዋል።

እርሳቸው በክፍል ቆመው ያስተማሩ መምህርት አልነበሩም። ነገር ግን የሴት ልጅ ትምህርት እንደ ትርፍ ነገር በሚታይበት በ1924 ዓመተ ምሕረት በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ከነጻነት በኋላ ይህን ትምህርት ቤት ከመሩት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ወይዘሮ ስንዱ በስዊስ አገር ተምረው የመጡ፥ በጠላት ዘመን ተማርከው ወደ ጣሊያን አገር ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙ፥ በኋላም በ1950 ዓመተ ምሕረት በተደረገው ምርጫ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ከሴቶች መጀመሪያ የተመረጡ መምህርትና ደራሲ ነበሩ። እቴጌ መነን በየካቲት ወር 1954 ዓመተ ምሕረት ዐርፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ስም ተለውጦ የካቲት 12 ተባለ። ሆኖም በደጅ ላይ የተጻፈው ስም ሲለወጥ በዚያ ቤት የተማሩት ሴቶች ዕውቀት አብሮ አልተለወጠም፤ ለልጆቻቸውም አስተላልፈውታል።

ከእነዚህ ሴቶች አንዲቱ ዓይነ ስውር የደሀ ደብር መምህርት ናቸው፤ አንዲቱ ንግሥት ናቸው። በኑሮ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ መታሰቢያቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። የሁለቱም መታሰቢያ የተማረው ሰው ነው።

ይህን ነገር የእኛ አገር እናቶች ከእንሰት አስቀድመው ያውቁታል። እንሰትን ለማብዛት ሲፈለግ ግንዱ ከላይ ይቈረጣል፤ ሥሩም ተዘጋጅቶ በአፈር ይሸፈናል። ላላወቀ ሰው ነገሩ መቅበር ይመስላል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ከዚያ ከተቀበረው ከአንዱ ሥር ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ቡቃያው እየተነቀለ በሌላ ስፍራ ይተከላል፤ ለመብል የሚደርሰውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የተከለችውም ሴት ሁልጊዜ ከፍሬው ትበላለች ማለት አይደለም። እንሰት የምትተክል እናት ለሚመጣው ልጅ እንደምትተክል፥ የምታስተምርም ሴት እንዲሁ ናት።

እንግዲህ ከነገሩ ሁሉ የሚከብደውን ልናገር። በእኛ ሥርዓት ሰው ከሞተ በኋላ ሣልስት፥ ሰባት፥ ዐሥራ ሁለት፥ ሠላሳ፥ አርባ፥ ሰማንያ፥ መንፈቅና ዓመት እየተባለ ይታሰባል። ይህ አባቶች ያቆዩልን መልካም ሥርዓት ነው፤ ጸሎትና ምጽዋት የተዋሐደበት ነውና። ነገር ግን ተዝካር የምጽዋት ቀን መሆኑ ቀርቶ የጉራ ቀን ሲሆን እናያለን። በሬውን ሸጦ፥ ከአበዳሪ ተበድሮ፥ ጠግቦ የሚያድረውን ጎረቤቱን ደግሞ የሚያጠግብ ሰው አለ። ድግሱ ካለፈ በኋላ ሟቿ ያስተማረቻቸው ልጆች ደብተር የሚገዛላቸው አጥተው ከትምህርት ይቀራሉ። እርሷ በሕይወት ሳለች ከጉሮሮዋ ከፍላ ያስተማረቻቸውን ልጆች ትተን፥ በስሟ ብዙ ሥጋ ብናርድ አከበርናት ወይስ ረሳናት?

ንግግሬን ሰምቶ «ተዝካር ይቅር አለ» የሚል ሰው እንዳይኖር እጠነቀቃለሁ። ተዝካር ይቅር አላልሁም። ጸሎተ ፍትሐቱ ይደረግ፤ ቅዳሴው ይቀደስ፤ ነዳያንም ይመገቡ። እኔ የምለው፥ ለጠገበው ከሚወጣው ተቀንሶ ለሚማረው ይሁን ነው። ዕድር ለለቅሶ ድንኳንና ወንበር የሚያዘጋጅ የመረዳዳት ማኅበር ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለመምከር ከእርሱ የተሻለ ሸንጎ የለንም። በቡታጅራ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን ስለሚኖር፥ ስለ ልጆች ትምህርት የሚደረገው ምክር የሁሉ ምክር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛው፥ በደብራችን የመምህራት መዝገብ ይከፈት። በቤቷም በሰንበት ትምህርት ቤትም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ያስተማረች፥ በእምነቷ ጸንታ ያለፈች ሴት ሁሉ ስሟ፥ የክርስትና ስሟ፥ ያረፈችበት ቀን፥ ይልቁንም ያስተማረቻቸው ሰዎች ስም ይጻፍ። ያስተማረቻቸው ሰዎች መጥተው በራሳቸው ቃል ምን እንዳስተማረቻቸው ይንገሩ። እንደ ኢዮጴ መበለቶች ልብሱን ማሳየት ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው፥ በሕይወት ያሉት አሮጊቶች ሳያልፉ ይጠየቁ። ሰው ከሞተ በኋላ ታሪኩን ለመሰብሰብ መሮጥ የተለመደ ነው፤ በሕይወት ሳለ ግን ቡናው እስኪፈላ ተቀምጦ የሚጠይቀው የለም። ለመስቀል ከአዲስ አበባም ከሌላውም አገር ወደ ወላጆቻችሁ የምትመጡ ልጆች፥ ከክትፎው በኋላ አንድ ሰዓት ለዚህ ሥራ ስጡ።

ሦስተኛው፥ የመምህርት ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ ቤተ ሰቧ ከተዝካሩ ወጪ ከፍሎ አንድ የድኻ ልጅ ለአንድ ዓመት ያስተምር። ይህ አይቻልም የሚል ሰው ቢኖር የጉራጌን ሕዝብ ታሪክ ያስታውስ። አባቶቻችን በ1950ዎቹ ዓመታት በማኅበር ተሰብስበው ገንዘብ እያዋጡ ለአገራቸው መንገድ አሠርተዋል። ሣንቲም አጠራቅሞ ተራራ ያስቈረጠ ሕዝብ ለአንድ ልጅ ደብተርና እርሳስ መግዛት አያቅተውም።

በመጨረሻ ሚስቶቻችሁን በሞት ላጣችሁ ባሎች አንድ ቃል ልናገር። ኀዘናችሁን ለማሳነስ አልደፍርም። አብራችሁ ያረጀችውን፥ ሌሊት ስትነሡ የምትነሣውን፥ በጠባያችሁ የታገሠችውን ሰው ማጣት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ የደረሰበት ብቻ ነው። ቤቱ ጭር ይላል፤ የጸሎት መጽሐፏ ከተሰቀለበት ሳይነሣ ይከርማል። ነገር ግን መጽሐፉን ከተሰቀለበት አውርዱና ለአንድ ልጅ ስጡ፤ ቢቻላችሁም አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አስነብቡት። እርሷ ታስተምር የነበረውን ልጅ እናንተ ስታስተምሩ፥ ሥራዋ በእናንተ እጅ ይቀጥላል። ለነፍሷም ከዚህ የሚበልጥ ምጽዋት ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ መለከቱ ተነፍቷል፤ ዕዳውም ታውቋል። የሚመለስበትን ቀን ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ባናሳድረው መልካም ነው። ያን ጊዜ በዚህ ስፍራ የሚቆሙት ልጆች መዝገቡን ገልጠው ያስተማሯቸውን እናቶች በስማቸው እንዲጠሩ፥ እግዚአብሔር ለእኛ ትጋትን ይስጠን፤ ያለፉትንም እናቶቻችንን በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።

አሜን።